ከስለቱ በታች የቀረው

ጋሽ ማርሽ ቀለሙ ያልደረቀውን ሉህ ከማተሚያው አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘውና ቅንድቡን ሰቀለ።

«ምላጭ! ነይ እስቲ። ይሄ ምን ጉድ ነው? ከዳር እስከ ዳር አንድ ቃል ብቻ? እግዚአብሔር የሚናገረው አለቀበት እንዴ?»

«አንተ አትምልኝ፤ ስብከቱን ለባለቤቱ ተወው።»

«እኔማ ላትም ነው የተቀመጥኩት። ሙሽራው የጠፋበት ሠርግ ካርድም አትሜያለሁ።» ሉሁን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሰጣት። «ብቻ ለማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ይሄን ያህል የሚደጋገምለት ሰው ጆሮው የደነቆረ መሆን አለበት።»

ምላጭ ሌላ ቀን ቢሆን ሦስት መልስ ነበራት። ዛሬ ሉሁን ተቀብላ ወደ መቁረጫዋ ሄደች።

ስሙን ያወጣላት ማተሚያ ቤቱ ነው። የወረቀት መቁረጫው ማሽን የእሷ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ በአፏ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ማሽኑ በአንድ እጅ አይሠራም። ግራና ቀኝ ያሉት ቁልፎች እኩል ካልተጫኑ ስለቱ አይወርድም፤ ሠራተኛ አንድ እጁን ረስቶ እንዳይቆረጥ ተብሎ የተደረገ ነው። ምላጭ ሉሆቹን ደረበች፣ ጠርዛቸውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አስተካከለች፣ መጫኛውን አወረደች፣ ከዚያ በሁለት እጇ ተጫነች። ስለቱ ወረደ። ሳታስበው ነው ያደረገችው የሚል ተከራካሪ ቢመጣላት እንኳ ማሽኑ ራሱ ይመሰክርባት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምላጭ የምትሄድበት ጸሎት ቤት የተመሠረተበትን ቀን በሚያስብበት እሁድ ቅርጫት ያዞራል። ቅርጫቱ ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የታተመባቸው ትንንሽ ካርዶች አሉ፤ ሁሉም ሰው ሳያይ አንድ ያወጣል፤ የወጣለት የዓመቱ ቃሉ ይሆናል። መጋቢው ከዓመት ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ አላቸው፦ «ወገኖቼ፣ ይህ ዕጣ አይደለም፤ ጥንቆላም አይደለም። ካርዱ በር ነው። ቤታችሁ ሂዱና ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች አንብቡት።» ሕዝቡም ከዓመት ዓመት «አሜን» ይላል፤ ቤቱ ሄዶ ካርዱን መስታወት ጠርዝ ላይ ይሰካል፤ ምዕራፉም እንደተከደነ ይከርማል።

ካርዶቹን የምታሳትመው፣ የምትቆርጠው፣ ቅርጫቱን የምታዞረው ምላጭ ናት። ለማንኛውም ጉዳይ ጥቅስ አታጣም። ሰው ሥራ ሲለቅ፣ ትዳሩ ሲናጋ፣ ልጁ ሲያስቸግረው ይደውልላታል፤ እሷም እንደ መድኃኒት ቤት ባለሙያ እጇን ሰድዳ ከመደርደሪያው ታወርድለታለች። «እሷን እኮ ጌታ ይናገራታል» ይባላል። ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋ ታደርጋለች። ኧረ አልተናገረኝም ብላ ግን አታውቅም።

ቤት ውስጥ ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ ታናሽ እህቷና እናታቸው። እናታቸውን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል፤ የቀሯትም ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ «ውሃ»፣ «በቃ»፣ «እንዴ» እና «ቀጥዪ»። የመጨረሻዋን የምትላት መጽሐፍ ሲነበብላት ነው። ምላጭ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ትልና አንድ ሁለት ቁጥር ታነብላታለች። ልትከድነው ስትል እናቷ «ቀጥዪ» ትላለች።

«ነገ እማዬ፣ ነገ። ደክሞኛል።»

«እንዴ!»

ቀን ቀን እናታቸውን የምትይዛት ታናሽየዋ ሚጢ ናት። ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ገላዋ እንዳይቆስል በየሰዓቱ ታገላብጣታለች። ሲመሽ ምላጭ ትመጣና ሁለቱ ሆነው አንሶላ ይለውጣሉ። ሚጢን እግዚአብሔር ተናግሯት አያውቅም፤ እሷም አትደብቀውም።

«እታለም፣ ሲናገርሽ በምን ታውቂያለሽ?» ትላታለች ሰሃን እያጠበች። «ድምፅ አለው?»

«ሲመጣ ታውቂዋለሽ።»

«እኔ ሳነብ የምሰማው የራሴን ድምፅ ብቻ ነው። እሱም ቶሎ ጨርሺና ተኚ ነው የሚለኝ።»

ታዲያ አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ሚጢ አመልክታ ተስፋ ከቆረጠችበት፣ በሌላ ከተማ ካለ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ነበር። ተቀብለዋታል፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ እመጣለሁ ወይም አልመጣም ማለት አለባት። ዘመድ በተሰበሰበበት «አመልክቺ እንጂ! እማዬን እኔ አለሁላት አይደል?» ብላ ያሳመነቻት ራሷ ምላጭ ነበረች። ያን ጊዜ ይቀበሏታል ብላ አላሰበችም። ደግነት ደግሞ የማይደርስ ሲመስል ይቀላል።

ሚጢ ስልኩን ዘግታ ስትጠመጠምባት፣ ምላጭ በእህቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አልጋውን አየች። ከእንግዲህ ጠዋት የምታጥበው እሷ ራሷ፣ የምታገላብጠው እሷ። መቁረጫውን የሚይዘው ሌላ ሰው። «አትሂጂብኝ» ማለት ትችል ነበር። ብትላት ሚጢ ትቀራለች፤ ታላቋን እምቢ ብላ አታውቅም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያስቀረቻት እሷ መሆኗ ነው፤ ሚጢ ሰሃን ባጋጨች ቁጥር የሚታወስ ነገር። እግዚአብሔርን ግን አኩርፎ ሰሃን የሚያጋጭበት የለም። የአብዬን ወደ እምዬ ይሉታል ይህ ነው። የራሷን ቃል በእሱ አፍ ልታስነግረው ቆረጠች።

የመረጠችው ከአንድ የሐዋርያ መልእክት ውስጥ ያለ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ በተጠራ ጊዜ እንደነበረ በዚያው ይኑር የሚል። ለካርድ የተመቸ። አንድ ካርድ አይበቃም ነበር፤ ሚጢ ከላይ ያለውን አታነሳም። ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ ክምሩን ቦርቡራ ከሥር ነው የምታወጣው። ስለዚህ ቅርጫቱ እሷ ጋ ሲደርስ ከላይም ከሥርም ያለው አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት።

እሁድ ቅርጫቱ ከፊት ወንበር ተነስቶ ወደ ኋላ ዞረ። እናታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ስለምትመጣ ቦታቸው ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ነው፣ በሩ አጠገብ፣ ወፍራሙ ዓምድ ጀርባ። ምላጭ ዓምዱ ጋ ስትደርስ ጫማዋን የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለች፤ የተረፉትን ካርዶች ከቅርጫቱ ጨርቅ ሥር ሸጎጠች፤ ከኪሷ ያወጣቻቸውን ከላይ አፈሰሰች። ቀና ስትል ሚጢ ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሚጢ ጎን፣ ዘግይቶ የገባ ሰው ተቀምጧል። ሶፋና ወንበር አዳሹ ጋሽ ስፖንጅ ነበር፤ ጆሮው በከፊል ስለማይሰማ፣ ሌላውም ሰው እንደ እሱ የማይሰማ እየመሰለው የሚጮህ ሰው።

ሚጢ እስከ ክርኗ ሰደደች፤ አማሰለች፤ አወጣች። ምላጭ ቅርጫቱን ይዛ ልትመለስ ዞረች።

«ምነው ምላጭ!» አለ ጋሽ ስፖንጅ፣ ዘማሪዎቹ ድረስ እስኪሰማ። «ለሶፋ ሠሪ ቃል የለውም?»

ምን ታድርግ? አቀረበችለት። አወጣና ካርዱን ከዓይኑ አርቆ፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮክ ብሎ አነበበው። ሚጢ የራሷን ካርድ አየች። ከዚያ የእሱን አየች። ከዚያ ቆመች።

«አንድ ነው» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «ጋሽ ስፖንጅ፣ የእርስዎና የእኔ አንድ ነው!»

«ምን?»

«አንድ ነው!»

«በሁለት ምስክር!» ብሎ ተነሳ ጋሽ ስፖንጅ። «ነገር በሁለት ምስክር ይጸናል!»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረ። ሚጢ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ እናቷ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ምልክት ስትለምን እንደነበር እያለቀሰች ተናገረች። ሰው አብሯት አለቀሰ። መጋቢው ግን አላለቀሱም። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ምላጭን አዩዋት።

«እህቴ፣ ካርዶቹን ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ። አንዱ ጥቅስ ተደግሞ ታትሞ ይሆን?»

በጥያቄው ውስጥ በር ነበረላት። «ሊሆን ይችላል» ብትል እንኳ ይበቃ ነበር። ምላጭ ቅርጫቱን ደረቷ ላይ አቀፈች፤ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት፣ «የለም መጋቢ። እያንዳንዱ አንድ አንድ ነው» አለች።

«አሜን» የሚለው ጩኸት ጣሪያውን ነካ። ሚጢ በእንባዋ መካከል ሳቀችላትና እጇን ወደ ቅርጫቱ ሰደደች።

«ያንቺስ እታለም? አምጪ፣ እኔ ልያዝልሽ፣ አንቺም አውጪ።»

ሚጢ ወደ ውስጥ ከማየቷ በፊት ምላጭ እጇን ከትታ አንዱን አፈፍ አደረገችና ሳታየው ኪሷ ከተተችው። «ቤት አነበዋለሁ» አለች። ምን እንደሚል ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሚጢ ወጥ ቤት ሆና እየዘመረች ነበር። ካርዷ መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ ተሰክቷል። «ረቡዕ ጠዋት ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ» ብላለች፤ «ወዲያው ብደውል ያበድኩ ይመስላቸዋል።» ምላጭ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያሸነፈ ሰው ቸር ነው፤ ለእናቷ የሚጢን ጥቅስ ልታነብላት ፈለገች። አገኘችው። አነበበችው። ልትከድን ስትል፦

«ቀጥዪ።»

«እሺ እማዬ። ዛሬስ እንዳልሽ።»

ቀጠለች። ለካ ሐዋርያው ይናገር የነበረው ስለ ባሮች ነው። ባሪያ ሆነህ ብትጠራ አትጨነቅ፤ ነፃ መውጣት የምትችል ከሆነ ግን ነፃነቱን ያዘው፤ የሚቀጥለው ይህ ነበር። እሷ ከቆረጠችበት መስመር ሥር፣ ወዲያው፣ ሌላ ነገር በመካከል ሳይገባ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

መብረቅ አልወረደም፤ ድምፅም አልሰማችም። የሆነው ቀላል ነገር ነው። ምላጭ ዕድሜዋን ሙሉ ጥቅስ ባነበበች ቁጥር ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ለማን እንደሚሆን ታውቅ ነበር፦ ይህ ለጎረቤቷ፣ ይህ ለአለቃዋ፣ ይህ ለዚያች ለምትቀብጠው ዘማሪ። ይህኛውን ለማን እንደምትልከው አሰበች። ማንም አልመጣላትም። ቃሉ እሷው ጋ ተቀመጠ፤ የሚነሳም አልመሰለም።

«ቀጥዪ» አለች እናቷ።

«ነገ እማዬ።»

«እንዴ!»

አሁን ነው ሮጦ ወጥ ቤት ገብቶ እውነቱን መናገር። ሌላ ሰው ቢሆን ይገባ ነበር ይሆናል። ምላጭ ግን መጽሐፉን ከድና፣ ሚጢ በገዛ እጇ ምዕራፉን ገልጣ እንዳታነበው ፈራች። እሱን ፈርታም መጽሐፉን ወደ ራሷ ትራስ ሥር ወሰደችው። ተኝታ ያፈረችው በካርዱ አልነበረም። መጽሐፉን ከእህቷ መደበቋ ነው የቆረጣት።

ሰኞ ጋሽ ማርሽ እጁን በቀለም ማስለቀቂያ እያሸ መጣ።

«እህ፣ የደነቆረው ሰው ሰማ?»

«ሰማ።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«እሺ አለ።»

«እሺ ካለ ፊትሽ ምነው ሐዘን ቤት የገባ መሰለ?»

ምላጭ ቁልፎቹን ተጫነች። የሠርግ መጥሪያ ነበር። ቁልሉ ላይ ስለቱ ከወረደ በኋላ ነው መለኪያውን እንዳላስተካከለች የገባት። ጋሽ ማርሽ አንዱን አነሳ፤ ገለበጠ፤ ከወለሉ ላይ ቀጭኑን ቅራጭ አነሳና አጠገቡ ያዘው። የመጨረሻው መስመር፣ ሠርጉ የት እንደሆነ የሚናገረው፣ ቅራጩ ላይ ቀርቷል።

«ይኸውልሽ» አለ በቀስታ። «መጥራትስ ተጠርቷል። ሰዉ የት እንደሚሄድ ነው የቸገረው።»

እንደገና አተመው። አልሰደባትም። ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

ማክሰኞ ማታ አንሶላ የመለወጫ ሰዓት ደረሰ። ይህ ሥራ ሥርዓት አለው። አንዷ የበሽተኛዋን ትከሻና ዳሌ ይዛ ወደ ራሷ ትስባታለች፣ አቅፋ ታቆያታለች፤ ሌላዋ አሮጌውን አንሶላ ጠቅልላ አዲሱን በጀርባዋ ሥር ትዘረጋለች። ያቀፈችው መልቀቅ አትችልም። ሚጢ እናቷን ደረቷ ላይ አስደግፋ ይዛለች፤ ምላጭ በወዲያኛው በኩል አሮጌውን ትጠቀልላለች።

«ነገ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ» አለች ሚጢ። «ከዚያ ደግሞ ያንን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ እናሠራው። ከቀረሁ አይቀር እንዲንጠባጠብብኝ አልፈልግም።»

«አትደውዪ።»

«ምን?»

«አትደውዪላቸው። ካርዱን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ሚጢ ሳቀች። «በየዓመቱ አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታስገቢው?»

«አይደለም፤ እኔ...» ምላጭ የአንሶላውን ጥቅል እንደያዘች ቀረች። ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ? ለሰው ሁሉ ቃል የምታወርድበት መደርደሪያ ባዶ ነበር። መቆሙ ቀለላት፤ እዚሁ ላይ ብታቆም ሚጢ ራሷ በሆነ ቀልድ ትሸፍነው ነበር።

«ቀጥዪ» አለች እናቷ ከሚጢ ደረት ላይ።

ቀጠለች። ሉሁን ለብቻው እንዳሳተመችው፣ ዓምዱ ጋ እንደገለበጠችው፣ ከሥር ድረስ አንድ ዓይነት እንደነበር፣ መጋቢው ሲጠይቋት እንደዋሸች። መጽሐፉን ትራሷ ሥር እንደደበቀችም ተናገረች፤ ለምን እንደሆነ ግን አላብራራችም።

ሚጢ እጇን አልለቀቀችም፤ ልትለቅም አትችልም። በእናታቸው ራስ ላይ አሻግራ እህቷን አየቻት።

«አንሶላውን ሳቢው» አለች።

ሳበችው። ማዕዘኑን አጠፉ። ትራሱን አስተካከሉ። ሚጢ የእናቷን ጉንጭ ሳመች፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ አወጣችላት። እንደ ወትሮው አንዱንም ሳትዘል። ምላጭ ይህን ሁሉ ሥራ እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረባት። ስድብ እንዲህ አይረዝምም።

«ጋሽ ስፖንጅስ?» አለች ሚጢ ወጥ ቤት በር ላይ።

«እሱ በስህተት ነው። እንደሚመጣ አላወቅኩም።»

ሚጢ ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ አልነበረም። «ትምህርት ቤቱን አይደለም የወሰድሽብኝ፣ ታውቂያለሽ? እሱን ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር። አትሂጂ ብትዪኝ አኮርፍሽና፣ ትንሽ ሰሃን አጋጭቼ፣ ይረሳኝ ነበር። እሁድ ግን እዚያ መታጠቢያ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። እኔን! እኔንም ያውቀኛል፤ ሽንኩርት መራጯን ያውቀኛል ብዬ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ተናገረኝ ብዬ ነበር። ለካ የሰማሁት አንቺን ነው።»

«ሚጢዬ፣ የሚቀጥለውን አንብቢው። እዚያው ሥሩ ያለው ቁጥር እኮ...»

«እንዳትነግሪኝ!» ይህን ጊዜ ጮኸች። «አንቺ በጣትሽ ያሳየሽኝን አላነብም። መጽሐፉን አምጪ።»

ምላጭ ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠቻት። ሚጢ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው፤ በምላጭ ዓይን ፊት ካርዱን ከመስታወቱ ነቅላ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከከተተችው በኋላ ነው የገባችው።

ከበሩ ኋላ ድምፅ ተሰማ። ሚጢ ከመልእክቱ መጀመሪያ ጀምራ፣ ከሰላምታው፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ጮክ ብላ ታነብ ነበር። በማግስቱም ማታ። ረቡዕ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ አልደወለችም። ሐሙስ ስልክ ይዛ ደጃፉ ላይ ወጣች፤ ምላጭ በመስኮቱ «አዎ፣ እመጣለሁ» ስትል ሰማቻት።

ስትገባ ጠየቀቻት። መጠየቅ አልነበረባትም፤ አላስቻላትም። «ተናገረሽ?»

«እኔ እንጃ» አለች ሚጢ። «ብዙ ነገር አለው። ስለ ጠብ የሚል አለ፣ ስለ ምግብ የሚል አለ፣ ስለ ፍቅር የሚል አለ፤ የማይገባኝም አለ። ግን አንቺ አልነበርሽም።»

ቅዳሜ ምላጭ መጋቢው ቤት ሄደች። ሰምተዋት ሲጨርሱ «እኔ ነገሩ ሸቶኝ ነበር» አሉ፤ ቀጥለውም «የጠየቅኩሽ በሕዝብ ፊት ነው፤ የምትመልሺልኝም በሕዝብ ፊት ነው።» ውሃ እንኳ ሳይሰጧት ሸኟት።

እሁድ ወጥታ ቆመች። ልማድ ክፉ ነው፤ ስለ ይቅርታ የሚናገር አንድ ጥቅስ አዘጋጅታ ይዛ ነበር። ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነው የዋጠችው። «ካርዶቹ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሆን ብዬ ነው። እህቴ እንዳትሄድ ፈልጌ ነው። መጋቢ ሲጠይቁኝም ዋሽቻለሁ» አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ምን አለች?» አለ ጋሽ ስፖንጅ ከመጨረሻው ረድፍ። «ምንድን ነው ያለችው?»

ሚጢ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። ዝቅ ብላ ሞከረች፤ አልሰማም። መጮህ ነበረባት። «ካርዱን ሆን ብላ ነው ያስገባችው! አንድ ዓይነት! ውሸት ነው!»

ስለዚህ ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ተነገረ፤ ሁለተኛው በእህቷ አፍ።

«አሃ!» አለ ጋሽ ስፖንጅ። «እኔም ብዬ ነበር! እኔን የሚያህል ሰነፍ ሰው ካለህበት አትነቃነቅ የሚል አምላክ ይኖራል እንዴ ብዬ ገርሞኝ ነበር!»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረውም፤ ቢሆንም ምላጭን አላዳናት። ከዚያ ወዲህ ጥቅስ ፍለጋ የሚደውልላት የለም። ቅርጫቱንም ሌላ ሴት ወስዳዋለች።

ሚጢ የምትሄድበት ጠዋት ምላጭ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሻንጣዋን ያዘችላት። ሚጢ ስለ እናታቸው መድኃኒት፣ ስለ ቧንቧው፣ ምላጭ ለግማሽ ቀን ማተሚያ ቤት ስትውል እናታቸውን ስለምትይዝላቸው ጎረቤት አወራች። ስለ ሌላው አላወራችም። ከመሳፈሯ በፊት ሳመቻት፤ ጉንጯን ብቻ፣ ፈጠን ብላ።

«እታለም።»

«ወዬ።»

«ቃል እንዳትልኪልኝ።»

«እሺ።»

«እማዬ ምን እንደበላች ላኪልኝ።»

ማታ ምላጭ እናቷን ብቻዋን አገላበጠች፤ በትራስ እየደገፈች፣ እያላበች። ጫማዋን አወለቀች። ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና መልእክቱን ከመጀመሪያው፣ ከሰላምታው ገለጠች። ለካርድ የሚሆኑ ዓረፍተ ነገሮች እየመጡ አለፉ፤ እጇ ሊነሣ ሊነሣ ይልና ይመለሳል። የሰማችው የራሷን ድምፅ ብቻ ነበር። ዝቅ አደረገችው።

ቀና ስትል እናቷ ተኝታለች። ቀጥዪ የሚላት አልነበረም። ገጹን ገለጠች።